የካርቶኑ ታንክ ምን አስተማረን?



ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ሐይቅ የተመለስን አራት የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ለሕፃናት ክፍል አንድ የእጅ ሥራ ትምህርት እንድናዘጋጅ ታዘዝን። እኛም ተመካክረን በ1928 ዓ.ም. አባቶቻችን በደምበጊና የገጠሙትንና ያሸነፉትን የኢጣልያ ትንሽ ታንክ በካርቶን ሠርተን ለማሳየት ወሰንን።

ሐሳባችንን ባቀረብን ጊዜ ከታላላቆቻችን አንዱ፣ «ልጆቹ በ2014 ያዩት አይበቃቸውም ወይ? ስለ ምን ታንክ ታሠሯቸዋላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሐይቅና ደሴ በመጣ ጊዜ ከልጆቹ መካከል ከቤተሰባቸው ጋር ቤታቸውን ጥለው የሸሹ አሉ፤ የከባድ መሣሪያውን ድምፅ ዛሬም የሚያስታውሱ አሉ። እኛ ግን አንድ ነገር ታዝበን ነበር። ልጆቹ በግቢው ውስጥ ጦርነት ሲጫወቱ አንዱ ልጅ «እኔ ታንክ ነኝ» ካለ በጨዋታው ሕግ መሠረት አይሞትም። ሌሎቹ ይወድቃሉ፤ እርሱ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህም ሁሉም ታንክ መሆን ይፈልጋል።

ለጠየቁን አባት የሰጠነው መልስ፣ ልጆቹ ታንክን አይተውታል እንጂ አያውቁትም፤ ለክተው ቢሠሩት ግን ያውቁታል የሚል ነበር። መልሳችን ትክክል መሆን አለመሆኑን አንባቢ ከዚህ በታች ከተጻፈው ይፍረድ።

ሀ) ታንኩ ከየት መጣ?

ከኢጣልያ ጋር የተደረገው የጦርነት ታሪክ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው የአምባሰሏ ውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ለተፈረመው ውል ስሟን የሰጠች ናት። በውሉ 17ኛ አንቀጽ ላይ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል ተለያይቶ በመገኘቱ የተነሣው ክርክር በ1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ አደረሰ። ኢጣልያ ከ40 ዓመት በኋላ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተመልሳ ስትመጣ ግን በዐድዋ ጊዜ ያልነበሩ ሁለት ነገሮችን ይዛ ነበር፤ እነርሱም አውሮፕላንና ታንክ ናቸው።

የታንኩ ስም ሲ.ቪ. 33 ይባላል። «ሲ.ቪ.» ካሮ ቬሎቼ ለሚሉት የኢጣልያንኛ ቃላት ምሕጻር ሲሆን ትርጓሜውም «ፈጣን ተሽከርካሪ» ማለት ነው። «33» ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር 1933ን ያመለክታል። ይሁን እንጂ የሐሳቡ ምንጭ ኢጣልያ አይደለችም። እንግሊዞች ካርደን ሎይድ የተባለ፣ በሰንሰለት የሚሄድ ትንሽ የመትረየስ ተሽከርካሪ ሠርተው ለልዩ ልዩ አገሮች ሸጠው ነበር። ኢጣልያም ገዝታ፣ እርሱን መነሻ በማድረግ የራስዋን ሠራች። ጃፓንም እንዲሁ ገዝታ ካየችው በኋላ «ዓይነት 94» የተባለውን ትንሽ ታንክ አወጣች። እኛ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር እንዳለን ሁሉ ጃፓኖችም በዚያ ጊዜ የራሳቸውን ይቆጥሩ ስለ ነበር፣ «94» የተባለው በእነርሱ 2594 ከሆነው ዓመት የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ተወስዶ ነው። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 1934 ነው። ጃፓን ይህን ታንክ በቻይና ጦርነት ተጠቅማበታለች።

እንግዲህ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ልካቸውም እንደሚከተለው ነው።

የኢጣልያው ሲ.ቪ. 33፦ ርዝመት 3.17 ሜትር፣ ወርድ 1.40 ሜትር፣ ቁመት 1.28 ሜትር፣ ክብደት 3.2 ቶን ገደማ፣ በውስጡ 2 ሰው።

የጃፓኑ ዓይነት 94፦ ርዝመት 3.08 ሜትር፣ ወርድ 1.62 ሜትር፣ ቁመት 1.62 ሜትር፣ ክብደት 3.4 ቶን ገደማ፣ በውስጡ 2 ሰው።

ትልቁ ልዩነታቸው ግን በእነዚህ ቁጥሮች ላይ አይታይም። የጃፓኑ አናቱ ላይ ዙሪያውን የሚዞር ትንሽ ክብ ቤት አለው፤ መትረየሱም የተተከለው እዚያ ላይ ነው። የኢጣልያው የሚዞር አናት የለውም። መትረየሱ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ በግራ በኩል ገብቶ ወደ ፊት ብቻ ይመለከታል።

እዚህ ላይ ስሕተታችንን እንናገራለን። ከመካከላችን አንዱ በዩኒቨርሲቲ ሳለ ያገኘው የወረቀት ንድፍ የጃፓኑ ነበርና መጀመሪያ ቆርጠን ያጣበቅነው እርሱን ነው። ሁሉም ታንክ ያው ታንክ ነው በማለት በጎኑ ላይ የኢጣልያን ባንዲራ ቀባንበት። ሥራው ካለቀ በኋላ የኢጣልያውን ፎቶግራፍ ከአንድ መጽሐፍ ስናይ የእኛው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ቀን የደከምንበት ስለ ነበረ «ሕፃናቱ ልዩነቱን በምን ያውቃሉ?» ያለም ነበር። በኋላ እንደምናሳየው፣ እንደዚያ አድርገን ቢሆን ኖሮ ልጆቹን ሐሰት እናስተምር ነበር።

ለ) አሠራሩ

መሥራት ለሚፈልጉ ወንድሞችና እኅቶች አሠራሩን በተራ እንገልጻለን። የሚያስፈልገው የጫማ ካርቶን፣ አንድ ወፍራም የዕቃ ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተር፣ መቀስ፣ ምላጭ፣ ክር፣ ስቴኪኒና ማጣበቂያ ብቻ ነው።

1ኛ/ መስፈርት። በጂኦግራፊ ትምህርት የካርታ መስፈርት እንደምንለው ለሞዴልም መስፈርት ያስፈልጋል። እኛ 1 ለ 20ን መረጥን። ይህም ማለት የእውነተኛው ነገር 1 ሜትር በሞዴሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ስሌት የኢጣልያው ታንክ ርዝመት 15.85፣ ወርዱ 7፣ ቁመቱ 6.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ደግሞ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሰውየውንና ታንኩን በአንድ መስፈርት መሥራት የግድ ነው፤ ያለዚያ ሞዴሉ መጫወቻ ይሆናል እንጂ ማስተማሪያ አይሆንም።

2ኛ/ የካርቶኑ ውፍረት። አንድ ካርቶን በማስመሪያ ለመለካት እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ 10 ቁራጭ ደራርበን ለካን፤ 7 ሚሊ ሜትር ሆነ። ስለዚህ የአንዱ ውፍረት 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በ20 ብናባዛው 14 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የታንኩ ብረት ውፍረት ከ6 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ስለ ነበረ፣ የጫማው ካርቶን በመስፈርታችን ልክ የታንኩ ወፍራም ብረት ሆኖ ተገኘ። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው ትንሹን ጣታቸውን እየለኩ «ይህን ታህል ብቻ?» አሉ። ይህ ውፍረት ተራ የጠመንጃ ጥይት ይመልሳል። ከዚህ ለከበደ መሣሪያ ግን የሚበቃ አልነበረም።

3ኛ/ መሳልና ማጠፍ። አካሉን በሦስት ክፍል ሠራነው፤ የታችኛው ሣጥን፣ ሁለቱ ሰዎች የሚቀመጡበት የላይኛው ቤትና ከኋላ ያለው የሞተር ክዳን። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ለማጣበቂያ የሚሆን 5 ሚሊ ሜትር ጆሮ መተው ያስፈልጋል። መታጠፊያውን በምላጭ መብጣት ካርቶኑን ይቆርጠዋልና፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ብሎ ማስመር ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። የላይኛውን ቤት ጣራ አላጣበቅነውም፤ ውስጡ እንዲታይ እንዲከፈት ተውነው።

4ኛ/ መንኰራኵር። በእያንዳንዱ ጎን መሬት የሚረግጡ 7 ትንንሽ መንኰራኵሮች አሉ። ስድስቱ ሦስት ሦስት ሆነው የተያያዙ ናቸው፤ ሰባተኛው ከኋላ ብቻውን ነው። አንዱን መንኰራኵር ከሦስት ክብ ካርቶን ደራርበን ስለ ሠራን ለሁለቱም ጎን 42 ክብ መቁረጥ ነበረብን። ይህን ሥራ ልጆቹ ተካፍለው በአንድ ከሰዓት ጨረሱት።

5ኛ/ ሰንሰለት። ወፍራሙን የዕቃ ካርቶን አንዱን ፊት በውኃ አርሰን ስንልጠው ውስጡ እንደ ቆርቆሮ ጣራ የተሸበሸበ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሲደርቅ ለታንክ ሰንሰለት ከሁሉ የተሻለ ነው። ርዝመቱን ለማወቅ መንኰራኵሮቹን በክር ዙሪያቸውን መለካትና ክሩን ዘርግቶ በማስመሪያ ማየት ነው። ማሳሰቢያ፦ የመጀመሪያውን ሰንሰለት ከዱቄት በተቀቀለ ማጣበቂያ ስላጣበቅነው ሌሊት አይጥ በላችው። ሁለተኛውን በኮላ አጣበቅን።

6ኛ/ መትረየስ። ሁለት ስቴኪኒ ጎን ለጎን አጣብቀን በፊተኛው ግድግዳ ግራ በኩል አስገባን። ስቴኪኒ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያኖች የቀረልን መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

7ኛ/ ሰዎቹ። ሁለቱን ሠራተኞች ተቀምጠው በሚታዩበት መልክ ቆርጠን አስገባናቸው፤ ነጂው በቀኝ፣ ተኳሹ በግራ። ወርዱ 1.40 ሜትር የተባለው ሰንሰለቶቹን ጨምሮ ስለ ሆነ የቀረው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠባብቀው፣ የሞተሩን ሙቀት ከጀርባቸው አድርገው፣ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ውጭ እያዩ ነበር የሚሄዱት።

ሥራው ሲያልቅ 8.5 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ቆሞ ያለ ሰው ከታንኩ አጠገብ አቆምነው። ታንኩ ከደረቱ አላለፈም። ልጆቹ «ተበላሽቷል፤ አንሷል» ብለው ተከራከሩን። ማስመሪያ ሰጠናቸውና ራሳቸው ለክተው፣ ራሳቸው በ20 አባዝተው አመኑ። አንዱ ልጅ ደግሞ ጣራውን ከፍቶ ካየ በኋላ፣ «ለካ ታንክ ማለት ሁለት ሰው ነው» አለ።

ሐ) ሙከራው

አስቀድመን የሆነውን በአጭሩ ነገርናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ ከጎጃም የተነሣውን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ገሠገሡ። ታኅሣሥ 5 ቀን ጦራቸው ተከዜን ተሻገረ። በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው ክፍል ቀድሞ የደምበጊናን መተላለፊያ ያዘ። በሻለቃ ክሪኒቲ የሚታዘዘው የኢጣልያ ክፍል፣ ብዙዎቹ በኢጣልያ ሥር የተመለመሉ ኤርትራውያን የሆኑበት፣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ መንገዱ ተዘግቶ አገኘው። መንገዱንም ለመክፈት ትንንሾቹን ታንኮች ፊት አስቀደመ። የእኛ ሰዎች የያዙት ጠመንጃና ጎራዴ ነበር። ታንኩ በደህና መንገድ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረ ቢሆንም፣ በዚያ ድንጋያማና ጠባብ ቦታ ፍጥነቱ አልረዳውም። ወገኖቻችን ከጎንና ከኋላ እየተጠጉ፣ እላዩ ላይም እየወጡ ተዋጉት። ሊረዳ ለመጣውም ክፍል ከከፍታው ቋጥኝ እያንከባለሉ መንገዱን ዘጉበት። ከታንኮቹ የተቃጠሉ አሉ፤ የተማረኩም አሉ።

ከዚህ በኋላ ታንኩን በሰፊ ካርቶን ላይ አስቀምጠን ከመትረየሱ ጫፍ በፕሮትራክተር 24 ዲግሪ ገደማ የሆነ ማዕዘን አሰመርንና ውስጡን ቀይ ቀባነው። መትረየሱ ታንኩ ሳይንቀሳቀስ ሊደርስበት የሚችለው ይህን ያህል ብቻ ነበር። ሙሉው ዙሪያ 360 ዲግሪ ነውና ቀዩ ቦታ ከ15 እጅ አንዱ እጅ ነው። የጃፓኑን ሞዴል በቦታው ብናደርግ ኖሮ አናቱ ስለሚዞር ዙሪያው ሁሉ ቀይ ይሆን ነበር። ደምበጊና ላይ ስለ ሆነው ነገርም ልጆቹ ምንም ሊገባቸው አይችልም ነበር።

ለእያንዳንዱ ልጅ 8.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ አንድ የካርቶን ሰው ሰጥተን፣ «በፈለጋችሁበት ቦታ አቁሙ» አልናቸው። ሁሉም ከታንኩ በስተኋላ አቆሙ። ቦታው ሞልቶ አንዱ የሌላውን ጣለው። በቀዩ ቦታ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። እኛም ትምህርቱ ገባቸው ብለን ደስ አለን።

በዚያን ጊዜ ከአምባሰል በኩል የመጣች 11 ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ «ሁላችንም ከኋላው ከሆንን ታንኩ ዞሮ አይተኩስብንም ወይ?» አለች።

አንዳችን ታንኩን በእጃችን ይዘን አዞርነው። ሁሉም በቀዩ ቦታ ውስጥ ገቡ። መልስ አልነበረንም። ብዙ ቁጥር ስንለካና ስንሰፍር ይህን አላሰብነውም ነበር። የታንኩ አናት ባይዞርም ታንኩ በሰንሰለቱ ራሱ ይዞራል። እንዳይዞር የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ከፊቱ የሚያሠጋው ሰው መኖሩ ነው።

ልጅቱ ታንኩን ወደ ቦታው መለሰችው። የራስዋን ሰው ከኋላ አንሥታ በቀዩ ቦታ ላይ አቆመችና፣ «እዚህ ሰው ካለ አይዞርም» አለች። ጥቂት ቆይተው ሁለት ልጆች ሰዎቻቸውን አምጥተው ከእርስዋ አጠገብ አቆሙ። የቀሩት ከኋላ ቆዩ። እኛም ይህንኑ አልነቀፍንም፤ ከኋላም የሚሄድ ያስፈልጋልና።

ይህ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን እኛን ነው። ስለ ደምበጊና ስናነብ ልባችን የሚማረከው በታንኩ ላይ በወጣው ሰው ነው። በቀዩ ቦታ ላይ የቆመውን ሰው ግን ሳናየው አልፈን ነበር። ከኋላ የሄደው ሰው ሊደርስ የቻለው በፊት የቆመው ሰው የታንኩን ዓይን ይዞለት ስለ ቆየ ነው። የመጀመሪያው ጀግንነት ያለ ሁለተኛው አይሆንም ነበር።

መ) ሞዴሉ የማያሳየው

ትምህርቱን እዚህ ላይ ብናቆም ልጆቹ «ታንክ ይሸነፋል፤ ስለዚህ ጦርነቱን አሸነፍን» ብለው ይሄዱ ነበር። ይህም እንደ መጀመሪያው ስሕተታችን ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ የቀረውንም ነገርናቸው።

ከደምበጊና 8 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው ተቃጠለ። ይህ መርዝ ከኋላው የሚዞሩት ጀርባ የለውም። በእኛም አገር ቢሆን ደሴ ከዚያ ቀደም ብሎ ኅዳር 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው ሳሉ በአውሮፕላን ተደብድባ ነበር፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ተመታ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦርነት ሠራዊታችን ተሸነፈ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ደሴ ገባ። ደሴ ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከዚህ 5 ዓመት ነው፤ ያንን በካርቶን ሠርቶ ማሳየት አይቻልም።

የሞዴል ጥቅሙ የአንድን ነገር ልክ በእጅ አስይዞ ማሳየቱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ሰው እንደሚሞትበት አለማሳየቱ ነው። ካርቶኑ ሰው ሲወድቅ አንሥቶ ማቆም ይቻላል። ይህንንም ለልጆቹ ነገርናቸው። ከመካከላቸው በ2014 ዓ.ም. ዘመድ የሞተባቸው ስላሉ፣ እዚህ ላይ ብዙ መናገር አላስፈለገንም።

መጀመሪያ ላይ ጥያቄ ያቀረቡልን አባት በመጨረሻው ቀን መጥተው ሞዴሉን አዩ። ጣራውን ከፍተው ሁለቱን ሰዎች፣ ቀጥሎም በቀዩ ቦታ ላይ ያሉትን ሦስቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «እነዚህን ማን አቆማቸው?» ብለው ጠየቁ። ነገርናቸው። «በሉ እንግዲህ አስቀምጡት፤ አትጣሉት» አሉን።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቁመትህን ለክተህ በ20 አካፍል። በዚያው ልክ ራስህን በካርቶን ቆርጠህ ከታንኩ አጠገብ አቁም። ታንኩ እስከ የት ይደርሳል?

2. የጃፓኑና የኢጣልያው ታንክ ክብደታቸውና የሰው ብዛታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ በደምበጊና የነበረው የጃፓኑ ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

3. ልጅቱ ያቀረበችውን ጥያቄ እኛ ትልልቆቹ ያላሰብነው ለምን ይመስላችኋል?

4. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን ከወላጆቻቸው ስለ ጣልያን ዘመን የሰሙትን ጠይቁ። ስማቸው ያልተነሣ፣ ነገር ግን ሌላው እንዲያልፍ ከፊት የቆዩ ሰዎች አሉን? ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ለሚቀጥለው እትም አምጡ።

ሞዴሉ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ማየት የሚፈልግ ሁሉ ጣራውን ከፍቶ ማየት ይችላል። መልሳችሁ ስታስቀምጡ ግን ከፊት የቆሙትን ሦስቱን እንዳታነሡ አደራ እንላለን።